በኮረብታ አናት ያለ ጥንታዊ ግቢ ለግል ትምህርት ቤት ቢሰጥ ማዳን ነው ወይስ መንጠቅ?

የመነሻ ጽሑፍ

የወሎ ልጆችና የወሎ ወዳጆች፣ ለውይይት የማቀርበው ጉዳይ በየኮረብታው አናት ላይ ቆመው የዝናብና የንፋስ መጫወቻ የሆኑትን የቀድሞ ሹማምንትና ባላባቶች ግቢዎች የሚመለከት ነው። በጀርመን አገር ከፉልዳ ከተማ አቅራቢያ ቢበርሽታይን የሚባል ቤተ መንግሥት በኮረብታ ጫፍ ላይ አለ። ያሠሩት ፉልዳን ይገዙ የነበሩ የቤተ ክርስቲያን መሳፍንት ሲሆኑ፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ሄርማን ሊትዝ የተባለው የትምህርት ሰው የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተበት። በባቫሪያም ከኢን ወንዝ ሸለቆ በላይ የተቀመጠው የኖይቦየርን ቤተ መንግሥት በ1925 እ.ኤ.አ. እንዲሁ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ሆነ። ሁለቱም ሙዚየም አይደሉም። ተማሪ ይማርባቸዋል፣ ወላጅ ይከፍላል፣ ጣሪያውም በዚያ ገንዘብ ይታደሳል።

የእኔ አቋም ለአሮጌ ቤት ከተከራይ ይልቅ የተቆለፈ በር ይከፋበታል የሚል ነው። በደሴ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ስም ስላለው ተቆርቋሪ አያጣም፤ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያም ሙዚየም ለመሆን በቅቷል። ስም የሌላቸውስ? በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣ በኋላ ከእንዲህ ያሉት ቤቶች አንዳንዱ ጽሕፈት ቤት፣ አንዳንዱ መጋዘን፣ ሌላውም የብዙ አባወራ መጠለያ ሆኗል፤ በሩ ተዘግቶ የቀረም አለ። አይጠየፍ ለማንም ይከራይ አላልሁም፤ እርሱ የሕዝብ ነው፣ የሕዝብ ሆኖም መቅረት አለበት። የምጠይቀው ስለ ሌሎቹ ነው። በደንብ በተጻፈ ውል ለግል ትምህርት ቤት ቢሰጡ ትቃወማላችሁ ወይስ ትደግፋላችሁ? ምክንያታችሁንም ጨምራችሁ ጻፉልኝ።

ከዚህ በታች የሰፈረው የተሰጡት መልሶች ይዘት በተራ ቁጥራቸው ነው።

መልስ 1። ከኮምቦልቻ የጻፉት ጡረታ የወጡ መምህር ሐሳቡን ደግፈው፣ ትምህርት ቤት ከሆቴል ይልቅ ለአሮጌ ቤት እንደሚስማማ አስረድተዋል። ሆቴል በየክፍሉ መታጠቢያ ስለሚፈልግ ግድግዳ ይበሳል፣ የውኃ ቱቦም በየቦታው ይዘረጋል፤ ትምህርት ቤት ግን የሚፈልገው ሰፊ ክፍል፣ አዳራሽና ግቢ ነው፤ የድሮ ቤተ መንግሥት ደግሞ እነዚህን አያጣም። ምሳሌ ለመፈለግ ጀርመን ድረስ መሄድ አያሻንም ብለው፣ ከታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥታቸውን ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲ መስጠታቸውን አስታውሰዋል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ከነሙዚየሙ የሚገኘው በዚያው ቤት ውስጥ ነው። ይህ ምሳሌ ከእኔ ይሻላል።

መልስ 2። ከመቀሌ የጻፈ ወጣት በአክብሮት ተቃውሟል። በከተማው ኮረብታ ላይ ያለው የደጃዝማች አብርሃ አርአያ ቤት አብርሃ ካስትል በሚል ስም ሆቴል ሆኖ ማገልገሉን፣ የአፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት ደግሞ ሙዚየም መሆኑን ጠቅሶ፣ በሆቴሉ ማንም ሰው ቡና አዝዞ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከተማውን ማየት እንደሚችል ተናግሯል። ትምህርት ቤት ግን ለሕፃናት ደኅንነት ሲል በሩን ለእንግዳ ይዘጋል፤ መዝጋቱም ተገቢ ነው። ታዲያ ቅርሱ በጥበቃ ብዛት ከሕዝብ ዓይን ይሰወራል ማለት ነው። ቅዳሜና እሑድ ክፍት ይሁን የሚል መልስ ሰጥቼው ነበር፤ ሆኖም ችግሩ በዚህ ብቻ የሚፈታ እንዳልሆነ ቀጥሎ የመጣው መልስ አሳየ።

መልስ 3። በጠንካራ ቃል የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ከወረኢሉ አካባቢ እንደሆኑ ገልጸዋል። እነዚያ ግንቦች የቆሙት የወሎ ገበሬ በጫንቃው ተሸክሞ ባወጣው ድንጋይ መሆኑን፣ ለዚያም የሚገባውን ዋጋ አለማግኘቱን፣ አሁን ደግሞ የገበሬው የልጅ ልጅ ከፍሎ በማይገባበት አጥር ውስጥ ቢከለሉ ሕዝቡ ሁለተኛ ጊዜ እንደሚነጠቅ ጽፈዋል። የእኔንም የመነሻ ጽሑፍ የባለሀብት ጥብቅና ብለውታል። ለሐሳቡ መክበድ ስል ቃላቸውን ታግሼ አነበብሁት። ከሁሉም ተቃውሞዎች ሥር ያለው ይህ ነው፤ ቤቱን ሕዝብ ከሠራው ሕዝብ የሚያገኘው ድርሻ በውል መጻፍ አለበት። በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ የነፃ ትምህርት ዕድል ባለቤቱ ሲቀየር ይቀራል፤ በውል የታሰረ ወንበር ግን አይቀርም። ከአካባቢው ቀበሌዎች የሚመጡ ልጆች በየክፍሉ የተወሰነ ቦታ ያለ ክፍያ እንዲኖራቸው የኪራዩ ዋጋ አካል ቢደረግ፣ የከተማው አስተዳደር ከሚቀበለው ጥሬ ገንዘብ ይልቅ ይህ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ለጸሐፊውም የመለስሁት ይህንኑ ነው።

መልስ 4። የዚህ የውይይት ክር ረጅሙ መልስ ሲሆን፣ የጻፉት በወሎ ልዩ ልዩ ወረዳዎች የሠሩ የግንባታ ባለሙያ ናቸው። ማን ይግባበት ከማለታችን በፊት ቤቱ በምን እንደተሠራ እንወቅ ብለው ይጀምራሉ። በአካባቢያችን ያሉት የድሮ የድንጋይ ቤቶች በአብዛኛው በጭቃ የተገነቡ ናቸው፤ ባለቤቱ አቅም በነበረው ቤት ላይ ኖራ ይገኛል፤ ጣሪያውን የሚሸከመው የጽድ ወይም የወይራ እንጨት ነው። ድንጋዩ መቶ ዓመት ምንም አይሆንም። የሚሞተው በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ አሸንዳ ካልተቀበለው መሬት ላይ ወድቆ ወደ ግድግዳው እግር ይረጫል፤ የግድግዳው እግር ክረምቱን ሙሉ ርሶ ይከርማል፤ ጭቃው ለስልሶ ይወጣል፤ ከዚያ ግንቡ ሆድ ያወጣል። ባለሙያው አንድ የሚያውቁትን ግድግዳ ሲገልጹ፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ያለው ልስን በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት መርገፉን፣ ከበላዩ ያለው ግን በመዶሻም እንደማይነቀል፣ በሁለቱ መካከል ያለው የእርጥበት መስመርም በኖራ የተሰመረ ያህል ጎልቶ መታየቱን ጽፈዋል።

ቀጥለውም ሰዎች ይህን ሲያዩ የሚወስዱት መድኃኒት ከበሽታው እንደሚከፋ ያስረዳሉ። ሲሚንቶ አብኩተው ይለስኑታል፤ ግድግዳው ለሁለት ዓመት ያህል አዲስ ይመስላል። ሲሚንቶ ግን ውኃን እንደ ኖራና ጭቃ አያሳልፍም፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት መውጫ አጥቶ ወደ ላይ ይጓዛል፣ ጭቃውንም ከውስጥ ይበላዋል፤ ከዚያ የሲሚንቶው ልስን ከነድንጋዩ ይገነጠላል። ስለዚህ ተከራዩ ትምህርት ቤትም ይሁን ሆቴል፣ በውሉ ውስጥ መጀመሪያ ሊሰፍር የሚገባው ሲሚንቶ ክልክል መሆኑ ነው ብለዋል።

ሦስተኛው ነጥባቸው ኮረብታውን ይመለከታል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተሠራች ከተማ መሆኗንና የመሬት መንሸራተት ያልተለያት መሆኑን አስታውሰው፣ ትምህርት ቤት ወደ ኮረብታ አናት ሲወጣ መጀመሪያ የሚፈልገው የኳስ ሜዳና የመኪና ማቆሚያ እንደሆነ ጽፈዋል። ለዚያ ሲባል የኮረብታው ትከሻ ይቆረጣል፤ ትከሻው ሲቆረጥ አናቱ ላይ ያለው ቤት መሠረቱን ያጣል። የጎርፍ መከላከያ ቦይና የድጋፍ ግንብ ሳይሠራ አንድ አካፋ አፈር መነሣት የለበትም። ስለ ቅርስ ሲወራ ጣሪያና ግድግዳ እንጂ ኮረብታው ራሱ የቤቱ አካል መሆኑ ብዙም አይነገርምና፣ ይህን ስላነሡ በዚሁ አጋጣሚ አመሰግናቸዋለሁ።

መልስ 5። የ4ኛውን ጸሐፊ አመስግኖ፣ ኖራ ማቡካት የሚችል ግንበኛ ዛሬ ከየት ይገኛል ሲል የጠየቀ አጭር መልስ ነው።

መልስ 6። አንዲት እህት የተማሩበትን የግል ትምህርት ቤት ስሙን ሳይጠሩ አስታውሰዋል። ትምህርት ቤቱ ተከራይቶት የነበረው አንድ ትልቅ አሮጌ ግቢ ነው። የእልፍኙ በር ከወፍራም እንጨት የተፈለፈለ፣ ዳርና ዳሩ በሐረግ የተጌጠ እንደነበር ይጽፋሉ፤ በየዓመቱ መስከረም ሲመጣ ትምህርት ቤቱ በዘይት ቀለም ይቀባው ስለነበር ሐረጉ ቀስ በቀስ ተሞልቶ፣ እርሳቸው ትምህርታቸውን ሲጨርሱ በሩ ልሙጥ ሰሌዳ መስሎ ነበር። ጥቁር ሰሌዳውን ለመስቀል የተመታው ምስማር ልስኑን ሰንጥቆታል። ከሁሉ የከፋቸው ግን በዚያ ግቢ ሲማሩ ቤቱን ማን እንዳሠራው ከመምህራኑ አንድም የነገራቸው አለመኖሩ ነው፤ የጎንደርን ግንብ በመጽሐፍ ሥዕል ሲማሩ የተቀመጡበት ክፍል ራሱ ታሪክ መሆኑን የሰሙት ካደጉ በኋላ ከጎረቤት ነው። በቅርስ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ስለ ቅርሱ ካላስተማረ ከመጋዘን የሚለየው ምንድን ነው?

መልስ 7። ለ6ኛው የተሰጠ ቁጡ መልስ ነው። ራሱ የትምህርት ቤት ሥራ አስኪያጅ እንደሆነ የገለጸ ሰው፣ የአንድ ዓመት ውል ይዞ በየሰኔው ልቀቅ የሚባል ተከራይ ለማን ብሎ በጥንቃቄ ያድሳል ሲል ጠይቋል። ርካሽ ቀለም የሚቀባው ሌላ የሚቀባበት ዋስትና ስለሌለው ነው፤ ወቀሳው ለአከራዩ ይሁን ብሏል። ድምፁ ቢከርርም ነገሩ ልክ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ክሩ በሙሉ ወደ ውሉ ዞሯል።

መልስ 8። የሕግ ባለሙያ የሆኑ ጸሐፊ ክርክሩን ከስሜት ወደ ሕግ መልሰውታል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በማንኛውም ሰው ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ስለዚህ ቅርስ በግል እጅ መግባቱ ብቻውን ሕገ ወጥ አይደለም። ነገር ግን ባለይዞታው በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ለጥገናም አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ጸሐፊው በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣውን የቬኒስ ቻርተርም ጠቅሰዋል። ቻርተሩ ጥንታዊ ሕንፃ ማኅበረሰቡን ለሚጠቅም ተግባር መዋሉን ይደግፋል፤ የሕንፃው አቀማመጥና ጌጥ ግን መለወጥ የለበትም ይላል። እንግዲህ 6ኛዋ ጸሐፊ የነገሩን የሐረግ በር በአገርም በዓለምም ደንብ የተከለከለ ነገር የተፈጸመበት ነው።

መልስ 9 እና 10። ሁለቱ ጸሐፊዎች ኮረብታ የሚለውን ይዘው ወደ መቅደላ ወሰዱን። አንደኛው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ሕይወታቸውን ካጠፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ዝርፊያውን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ መሄዱን፣ አምባውንም ማቃጠሉን ሲያስታውስ፣ ሁለተኛው የተዘረፉት ታቦታትና መጻሕፍት ይመለሱ የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ ረጅም ጽሑፍ አስቀመጠ። ጉዳዩ ራሱን የቻለ ክር የሚገባው ስለሆነ ወደዚያ እንዲወስዱት በትሕትና ለመንሁ። ይሁንና ከ9ኛው መልስ አንድ የሚጠቅም ነገር ወጥቷል፤ ሰዎች አምባና ኮረብታ የመረጡት ጠላት እንዳይደርስባቸው ነው፤ ጠላት የማይደርስበት ቦታ ደግሞ ለውኃም፣ ለአምቡላንስም፣ ለስድስት ዓመት ሕፃንም አስቸጋሪ ነው። የሴባስቶፖልን መድፍ ከጋፋት መቅደላ ላይ ለማውጣት ምን ያህል ጉልበት እንደፈጀ የሚያውቅ ሰው፣ ለትምህርት ቤት ውኃ በቦቴ ማመላለስ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

መልስ 11። ዌልስ ውስጥ የምትኖር የደሴ ልጅ ከአካባቢዋ ምሳሌ አመጣች። ሴንት ዶናትስ የተባለው ጥንታዊ ግንብ ከባሕር በላይ በገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. የገዛው አሜሪካዊው የጋዜጣ ባለሀብት ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ቤቱን ለማስዋብ ሲል ብራደንስቶክ ከተባለ ሌላ ጥንታዊ ገዳም ጣሪያ አስነቅሎ አምጥቶበታል፤ በዚያን ጊዜም ብዙ ቁጣ ተነሥቷል። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ግንቡ አትላንቲክ ኮሌጅ የተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኗል፤ ከልዩ ልዩ አገር ከሚመጡት ተማሪዎችም ብዙዎቹ በነፃ ትምህርት ዕድል የሚማሩ ናቸው። ጸሐፊዋ ይህን ያነሣችው በግንብ ውስጥ ያለ የግል ትምህርት ቤት የግድ የሀብታም ልጅ ብቻ መማሪያ ይሆናል የሚለውን የ3ኛውን መልስ ለማረም ነው። እኔ ከታሪኩ የወሰድሁት ሌላም ነገር አለ፤ ቤቱን ከሁሉ በላይ የወደደው ባለሀብት የሌላውን ቅርስ አፍርሶ ነው የወደደው፤ ስለዚህ ፍቅርም ቢሆን ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል።

መልስ 12። የ3ኛው ጸሐፊ ተመልሰው የአውሮፓን ወሬ አቁሙ ብለዋል። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም መዘረፉን አንሥተው፣ የሰበሰብነውን ዕቃ እንኳ መጠበቅ ያልቻልን ሰዎች ስለ ኪራይ ውል መጨቃጨቃችን ያሳፍራል ሲሉ፣ 11ኛዋን ጸሐፊም ከሩቅ ሆነሽ አትምከሪን ብለዋታል። ሐዘናቸው የሁላችንም ሐዘን ነው። እኅታችንን የተናገሩበት መንገድ ግን ተገቢ እንዳልነበረ ለራሳቸውም ጽፌላቸዋለሁ።

መልስ 13። ነገሩ እንዳይከር ጣልቃ የገቡት በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። ልጆቼ ብለው ሁለቱንም ወገን ከመከሩ በኋላ፣ ከአያታቸው ሲሰሙ ያደጉትን ጽፈዋል። አያታቸው በአይጠየፍ ግብር ላይ የተቀመጡ ሰው ነበሩ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ባለማዕረጉም ጭሰኛውም በየተራው ይገባ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል በግንቦት 1906 ዓ.ም. ከነገሡ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተማርከው ወደ ደሴ ሳይመለሱ ቀርተዋል፤ አዳራሹ ግን ጌታው ከሄደ በኋላም ለሕዝቡ የሁላችን ነው የሚባል ስሜት ትቶለታል። አባታችን ከዚህ ተነሥተው የሰጡት ፍርድ፣ ትምህርት ቤቱ ይግባ፣ ነገር ግን በዓመት ውስጥ በታወቁ ቀናት ግቢው ለአካባቢው ሰው ይከፈት፣ ሽማግሌም ገብቶ ለልጆቹ የቤቱን ታሪክ ይንገር የሚል ነው። ለ2ኛውና ለ6ኛዋ ጥያቄ በአንድ ጊዜ መልስ የሰጠ ሐሳብ ነው። 12ኛው ጸሐፊም ከዚህ በኋላ እኅታችንን ይቅርታ ጠይቀዋል።

መልስ 14። አንዲት እናት ስለ ደረጃ፣ ስለ ሰገነት መከለያና ስለ ሽንት ቤት ጠይቀዋል። የድሮ ቤት ደረጃ ለሕፃን እግር አልተሠራም፤ ሽንት ቤትም ከቤቱ ርቆ፣ ፍሳሹ ከኮረብታው ወገብ ወደ ሰፈር እንዳይወርድ ሆኖ መሠራት አለበት።

መልስ 15። የሕግ ባለሙያው ተመልሰው የ7ኛውን ቅሬታ ደግፈዋል፤ ቆርቆሮና ወራጅ የሚቀይር ተከራይ ወጪውን የሚመልስበት ረጅም ዘመን ሊሰጠው ይገባል፤ በምላሹ በየዓመቱ የሚደረግ ምርመራና ጥሰት ሲገኝ ውሉ የሚፈርስበት አንቀጽ ይኑር ብለዋል። 3ኛው ጸሐፊ የነፃ ወንበሩ ቁጥር በዚሁ ውል ካልተጻፈ አልስማማም ሲሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩ ከኪራዩ ተቀናሽ ከሆነ እንደሚቀበል ገልጿል። ሁለቱ በዚህ ክር ላይ በአንድ ነገር ሲስማሙ የመጀመሪያቸው ነው።

መልስ 16። የግንባታ ባለሙያው ለ5ኛው ጥያቄ መልስ ይዘው መጡ። በኖራ የሚሠሩ ሽማግሌ ግንበኞች በየገጠሩ አሁንም አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ስለሆነ አሁን ወጣት ካልተመደበላቸው ሙያው አብሯቸው ይቀበራል። ትምህርት ቤት በግቢው ውስጥ ቢኖር ከእነርሱ አንዱን ቀጥሮ ትልልቆቹን ተማሪዎች ኖራ ማቡካት ሊያስተምር ይችላል ብለዋል። ጨምረውም በየአካባቢያችን ያለውን አሮጌ ቤት ከሰኔ በፊት ዞረን እንድናይ፣ አሸንዳው የተነቀለበትንና የግድግዳው እግር የራሰበትን ፎቶግራፍ አንሥተን በዚሁ ክር ላይ እንድንለጥፍ ጠይቀዋል።

ይህን ጥያቄ ተቀብዬ እኔ ከደሴና ከዙሪያዋ እጀምራለሁ። ከወረኢሉ፣ ከተንታ፣ ከሐይቅና ከወልድያ በኩል ያላችሁም የምታውቁትን ቤት ጻፉ፤ ሰው የሚኖርበት ከሆነ የነዋሪውን ስም ሳትጠቅሱ፣ ቤቱ በጭቃ ይሁን በኖራ የተገነባ፣ ጣሪያው ይፍሰስ አይፍሰስ፣ በሩ ክፍት ይሁን ዝግ ብቻ ግለጹ።